የነዳጅ ስሞች በአማርኛ፤ አመጣጣቸውና በትርጉም ሥራ ላይ የሚጠይቁት ጥንቃቄ

1. መግቢያ

አንድ አነስተኛ የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ወፍጮ፣ ጄኔሬተር ወይም ሞተር ብስክሌት ከውጭ አገር ሲገባ የአጠቃቀም መመሪያ አብሮት ይመጣል። መመሪያው ብዙ ገጽ ቢኖረውም ባለንብረቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም ሞተሩ በምን ዓይነት ነዳጅ እንደሚሠራ የሚገልጸው ነው። በሌላው ገጽ ላይ አንድ ቃል ቢሳሳት አንባቢው ከዐውዱ ተነሥቶ ሊያርመው ይችል ይሆናል። የነዳጁ ስም ከተሳሳተ ግን ሞተሩ ይበላሻል፤ ዕቃው ምድጃ ወይም ፋኖስ ከሆነም ጉዳቱ በሰው ላይ ይደርሳል።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከቋንቋ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከቃላት መመሳሰል ነው። «ናፍታ»፣ «ጋዝ»፣ «ፔትሮል»፣ «ቤንዚን» የሚሉት ስሞች በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ድምፅ ይዘው የተለያዩ ፈሳሾችን ይሰይማሉ። ተርጓሚው ድምፁን ተከትሎ ሲሄድ ፈሳሹ ከእጁ ያመልጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዋና ዋናዎቹ የነዳጅ ስሞች ወደ አማርኛ የገቡበትን ታሪክ መመርመርና ከታሪኩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚጠቅመውን ትምህርት ማመልከት ነው።

የወል ስም በመሆን ሁሉንም የሚጠቀልለው «ነዳጅ» የራሳችን ቃል ነው። «ሰደደ» ብሎ «ሰዳጅ» እንደሚል «ነደደ» ብሎ «ነዳጅ» ይላል፤ የሚነድ ነገር ማለት ነው። ከምድር የወጣውና ገና ያልተጣራው ደግሞ «ድፍድፍ ነዳጅ» ተብሏል። ድፍድፍ የጠላ ጠማቂ ቃል እንደ መሆኑ መጠን፣ ወፍራምና ያልተጠለለ መሆኑን ለአማርኛ ተናጋሪ ያለ ማብራሪያ ያስረዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ድፍድፉ ተጣርቶ የሚገኙት ፈሳሾች ሁሉ ማለት ይቻላል የባዕድ ስም ይዘው ገብተዋልና።

2. ነፍጥ እና ናፍጣ

ከነዳጅ ስሞች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው የ«ናፍጣ» ሥር ነው። በአካድኛ «ናፕጡ»፣ በግሪክኛ «ናፍታ»፣ በዐረብኛ «ነፍጥ» እየተባለ ከመሬት የሚመነጨውን ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሲሰይም ኖሯል። በሰብዓ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጉም የሠለስቱ ደቂቅ እቶን ከተቀጣጠለባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ናፍታ መሆኑ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ተጽፏል።

በመካከለኛው ዘመን ዐረቦች «ነፍጥ»ን በጦርነት በጠላት ላይ የሚወረወር እሳት ለመሥራት ተገለገሉበት። በግብፅ በመምሉኮች ዘመን ቃሉ ከፈሳሹ ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ወደ እሳት ተኳሽ መሣሪያ ተሻገረ። ወደ አገራችን የደረሰው በዚህ በኋለኛው ፍቹ ነው፤ በአማርኛ ነፍጥ ጠመንጃ ሆነ፤ ነፍጥ ያነገተውም ነፍጠኛ ተባለ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ ያገኘው ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ፍች ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው የፈሳሹ ስም ፈሳሹን ጥሎ ብቻውን መግባቱን ማስተዋል ነው።

ያው ሥር ሁለተኛ ጊዜ የመጣው በሌላ በር ነው። ጣሊያኖች በዲዝል ሞተር የሚነደውን ከባድ ዘይት «ናፍታ» ይሉ ነበር። ፊያት ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የሠራው 634 ኤን የተባለው የጭነት መኪና በስሙ መጨረሻ የያዘው «ኤን» የ«ናፍታ» መነሻ ፊደል ነው። ይህ መኪና በጣሊያን ወረራ ዘመን በምሥራቅ አፍሪቃ መንገዶች ላይ ብዙ ያገለገለ ሲሆን፣ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው መጠሪያም ከቁጥሩ የመጣ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ካንዴላ ከጣሊያንኛ ወደ ሾፌሩና ወደ መካኒኩ አፍ እንደ ገቡ «ናፍታ»ም አብሮ ገባ። የአማርኛው ጆሮ የጣሊያኖቹን «ት» እንደ «ጥ» ስለ ሰማው «ናፍጣ» ሆነ፤ «ጣሊያን» በሚለው ስም ያለው «ጣ» እንዲሁ ነው። በዚህ ዓይነት ነፍጥና ናፍጣ የአንድ ቃል ሁለት ልጆች ሆነው፣ በመካከላቸው አራት መቶ ዓመት ያህል እያለ፣ አንዱ ለጠመንጃ ሌላው ለነዳጅ በአማርኛ ተቀምጠዋል።

በንግድና በመንግሥት የዋጋ ማስታወቂያዎች ናፍጣ ሦስት ንዑስ ስሞች አሉት፤ «ነጭ ናፍጣ»፣ «ቀላል ጥቁር ናፍጣ» እና «ከባድ ጥቁር ናፍጣ»። ነጭ የተባለው እንደ ወተት የነጣ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለፋብሪካ ማሞቂያ ከሚውለው ከጥቁሩ ለመለየት ነው። በመኪና፣ በትራክተርና በወፍጮ የዲዝል ሞተር የሚቃጠለው ነጭ ናፍጣ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ። በእንግሊዝኛ «ናፍታ» ማለት ናፍጣ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ከድፍድፉ ከቀላሎቹ ጋር የሚወጣ፣ በቶሎ የሚተን፣ ከቤንዚን ጋር የሚቀራረብ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «በናፍታ የሚሠራ ምድጃ» የተባለውን «በናፍጣ የሚሠራ» ብሎ የተረጎመ ሰው ድምፁን ጠብቆ ነገሩን አጥፍቷል። በተገላቢጦሹ፣ የጣሊያንኛ መመሪያ «ናፍታ» ሲል የእንግሊዝኛውን ፍች ይዞ «ቤንዚን መሰል» ብሎ የተረጎመ ሰው የዲዝል ሞተር በቤንዚን እንዲሞላ አዝዟል። አንዱ ቃል ትክክል የሚሆነው የመነሻው ቋንቋ ሲታወቅ ብቻ ነው።

3. ሉባንጃ እና ቤንዚን

«ቤንዚን» ከመጀመሪያው አውቶሞቢል ሠሪ ከካርል ቤንዝ ስም የወጣ ይመስላቸዋል የሚባሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ቃሉ ቤንዝ ከመወለዱ በፊት የነበረ ነው፤ የትውልዱ ሐረግም ወደ መኪና ሳይሆን ወደ ዕጣን ያደርሰናል።

ዐረቦች ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣውን መዓዛማ ሙጫ «ሉባን ጃዊ»፣ ማለትም የጃዋ ዕጣን፣ ይሉት ነበር። እኛም ይህንኑ ቃል በጭስና በመዓዛ ቤት «ሉባንጃ» ብለን እናውቀዋለን። በአውሮፓ ቋንቋዎች የመጀመሪያው «ሉ» የመስተአምር ቅጥያ መስሏቸው ስለ ቆረጡት ቀሪው ክፍል «ቤንጁዊ»፣ ኋላም «ቤንዞይን» ሆነ። ከዚህ ሙጫ የሚወጣው አሲድ በስሙ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1833 አይልሃርት ሚቸርሊኽ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ያንን አሲድ ከኖራ ጋር አሙቆ ያገኘውን ፈሳሽ «ቤንዚን» አለው። ዩስቱስ ሊቢኽ ይህን ስም ባለመቀበል «ቤንዞል» የሚለውን አቀረበ፤ በጀርመንኛ ለኬሚካሉ የጸናው የሊቢኽ ስም ነው። ባለቤት ያጣው «ቤንዚን» ደግሞ ከድፍድፍ ነዳጅ ለሚገኘው ቀላል ፈሳሽ ዋለ፤ በጣሊያንኛ «ቤንዚና»፣ በዐረብኛ «በንዚን» እየተባለም ተስፋፋ። የአማርኛው «ቤንዚን» የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። እንግዲህ ሉባንጃና ቤንዚን፣ አንዱ ለቤት ማጠኛ ሌላው ለሞተር፣ በመነሻቸው አንድ ቃል ናቸው።

ቤንዚን የሞተር ነዳጅ ከመሆኑ በፊት የመድኃኒት ቤት ሸቀጥ ነበር። የካርል ቤንዝ ባለቤት ቤርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም በአውቶሞቢል ስትጓዝ ነዳጅ ያገኘችው ቪስሎኽ ከምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት ነው። የገዛችውም ልብስ ለማጽዳት ይሸጥ የነበረ «ሊግሮይን» የተባለ ፈሳሽ ነው። በእኛ አገር በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚህ ዓይነት ሞተር ነዳጅ በዓለም ገና የጋራ ስም አልነበረውም። በእንግሊዝ «ፔትሮል» በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ የንግድ ቤት ለሸቀጡ ያወጣው መለያ ነበር፤ በአሜሪካ «ጋዞሊን»፣ በፈረንሳይ «ኤሳንስ»፣ በጀርመን «ቤንዚን» ይባል ነበር። እነዚህ አራቱም በአማርኛ አንድ ስም አላቸው፤ ቤንዚን።

እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ተርጓሚ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሚቸርሊኽ ያገኘው ኬሚካል በእንግሊዝኛ ዛሬም በድምፁ ከእኛ ቤንዚን ጋር የማይለይ ስም ይዟል። ይህ ኬሚካል በቤንዚን ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው እንጂ ከማደያ የሚቀዳው ነዳጅ አይደለም። ሁለቱን በአማርኛ «ቤንዚን» ብሎ መጻፍ የጤና ማስጠንቀቂያን ትርጉም ያሳጣል። ጀርመንኛው መፍትሔውን አስቀድሞ ስላገኘው፣ ለኬሚካሉ «ቤንዞል»ን መውሰድ ለነዳጁም «ቤንዚን»ን መተው ይበጃል።

4. ላምባ እና ጋዝ

ሦስተኛው ፈሳሽ ከሞተር በፊት በየቤቱ የገባው ነው። አብርሃም ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1854 «ኬሮሲን» የሚለውን ስም ያወጣለት ሰም የሚል ፍች ካለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ ነው። በእንግሊዝ «ፓራፊን» ተባለ፤ በፈረንሳይና በጀርመን የመብራት «ፔትሮል» ወይም «ፔትሮሌዩም»፣ በጣሊያንም «ፔትሮሊዮ» ተባለ። በአማርኛ «ላምባ» የተባለው ከሚነድበት ዕቃ ከመብራቱ ስም ነው። ስዋሂሊም በራሱ መንገድ «ማፉታ ያ ታ» ሲለው የመብራት ዘይት ማለቱ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ፈሳሹን የሰየሙት ከምን እንደ ወጣ ሳይሆን ምን እንደሚሠራ አይተው ነው።

ከላምባ ጎን «ጋዝ» እና «ነጭ ጋዝ» የሚሉትም ለዚሁ ፈሳሽ ይውላሉ። በግብፅ ዐረብኛም ጋዝ ማለት ላምባ ነው። ይህ ቃል መጀመሪያ በ17ኛው ምዕት ዓመት ቫን ሄልሞንት የፈጠረው የአየር መሰል ነገሮች መጠሪያ ነው፤ ከዚያ ግን በየአገሩ የተለያየ ሥራ ያዘ። በአሜሪካ አነጋገር «ጋዝ» ጋዞሊንን ያሳጠረ በመሆኑ ቤንዚን ነው። በፈረንሳይኛ «ጋዞይል» ናፍጣ ነው። «ቡታጋዝ» የፈረንሳይ የንግድ መለያ ሲሆን በብዙ ቤታችን የምድጃው ስም ሆኗል። ከሶቪየት ኅብረት ይመጡ በነበሩት መኪናዎች ላይ የተጻፈው «ጋዝ» ደግሞ የጎርኪ አውቶሞቢል ፋብሪካ ምሕጻረ ቃል እንጂ የነዳጅ ዓይነት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው የ«ነጭ ጋዝ» ጉዳይ ነው። አሜሪካኖች ለካምፕ ምድጃና ፋኖስ የሚጠቀሙበትን ቀለም የለሽ ቀላል ፈሳሽ ቃል በቃል «ነጭ ጋዝ» ይሉታል። እሱም ከቤንዚን ወገን የሆነ፣ ቀደም ሲል የጠቀስነው የእንግሊዝኛው «ናፍታ» ነው። በአማርኛ ግን ነጭ ጋዝ ላምባ ነው። ሁለቱ ስሞች ቃል በቃል አንድ ሆነው ሳለ፣ አንዱ በክብሪት አጠገብ ወዲያው የሚፈነዳ ተን ያወጣል፤ ሌላው በክር ተስቦ ቀስ እያለ ይነዳል።

5. ስሙ የሚለየው አነዳዱን ነው

ልዩነቱ የስም ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ጥቂት ቁጥር ይበቃል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት ሊይዝ የሚችል ተን ይሰጣል። ላምባ ይህን የሚያደርገው 38 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ 50 ዲግሪ ካለፈ በኋላ። ስለዚህ ላምባ የሚገባበት ፋኖስ ቤንዚን ከተሞላ፣ ወይም ሁለቱ ከተደባለቁ፣ ፋኖሱ የቤት ቃጠሎ መነሻ ይሆናል።

በሞተርም እንዲሁ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በተን መልክ ከአየር ጋር ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያነደዋል። ናፍጣ ከተሞላበት ፈሳሹ በበቂ አይተንም፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ጥቂት አጭሶ ይቆማል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ካጋለው በኋላ ናፍጣውን ይረጭበታል። በዚህ ሞተር ናፍጣው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን የመርጫውን ፓምፕ የሚያለሰልስ ቅባትም ነው። ቤንዚን ከገባበት ፓምፑ ደርቆ ይፋቃል፤ ጉዳቱም ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

አሮጌ መሣሪያዎች ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ጉዳይ ያመጣሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ ከተሠሩት የፈርጉሰን ትራክተሮች አንዱ ዓይነት በቤንዚን ተነሥቶ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ከላምባ ወገን ወደ ሆነ ነዳጅ ይዛወር ነበር። መመሪያው የዚህን ነዳጅ ስም «የሚተን ዘይት» ሲለው፣ ተርጓሚው «ዘይት» ብቻ ብሎ ቢያስቀምጠው ገበሬው የሞተር ዘይት ወደ ነዳጅ ጋን ሊያፈስ ይችላል። የእንግሊዝኛው «ኦይል» ድፍድፉንም፣ የሞተር ቅባቱንም፣ የወጥ ዘይቱንም በአንድነት ስለሚጠራ፣ በአማርኛ «ዘይት» ብቻውን እንዲቆም መፍቀድ አይገባም።

ይህ ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በባለ ሁለት ምት ሞተር መመሪያ ላይ ነው። የዛፍ መቁረጫ መጋዝና አንዳንድ ቀደምት ሞተር ብስክሌቶች የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌላቸው የሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። «50 ለ1» ማለት ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ግን ዘይቱና ቤንዚኑ ከቶ አይገናኙም። ስለዚህ «ባለ ሁለት ምት» እና «ባለ አራት ምት» የሚሉት ቃላት በመመሪያው መጀመሪያ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል።

6. በኋላ የመጡ ስሞች፤ ኦክታን፣ እርሳስ፣ ኢታኖል

«ኦክታን» ስምንት ከሚለው ቃል የተገኘ ነው፤ ስምንት የካርቦን አተሞች ያሉትን ሞለኪውል ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን የመለኪያ ስም ሆነ። ቁጥሩ የቤንዚኑን ኃይል አይገልጽም፤ በሚጨመቅበት ጊዜ ያለ ጊዜው ነዶ ሞተሩን እንዳያንኳኳ ያለውን ችሎታ እንጂ። «ከፍተኛ ኦክታን»ን «ኃይለኛ ቤንዚን» ብሎ መተርጐም ከዚህ የተነሣ ስሕተት ነው፤ መጭመቂያው ዝቅተኛ ለሆነ አነስተኛ ሞተር ብዙ ኦክታን ተጨማሪ ጥቅም የለውም። ከዚህም በላይ አሜሪካና አውሮፓ ቁጥሩን የሚያወጡት በተለያየ ስሌት ነው። በአሜሪካ መመሪያ 87 የተባለው በአውሮፓ ከ91 ጋር ይቀራረባል። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ቢያስተላልፍ እንኳ የየት አገር ስሌት እንደ ሆነ ማመልከት አለበት።

ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1921 የእርሳስ ውሁድ መንኳኳትን እንደሚከላከል ካገኘና ምርቱም በ1923 ለገበያ ከዋለ ወዲህ፣ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ዓለምን መላ። እርሳስ አእምሮንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ ኋላ ታገደ፤ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያሉት አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ሲተዉት፣ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ተወችው። በአሮጌ መኪና መመሪያ ላይ «እርሳስ ያለበት ቤንዚን ብቻ» የሚል ትእዛዝ ቢገኝ ቃሉ በታማኝነት ይተርጐም፤ ነገር ግን ነዳጁ ዛሬ እንደማይገኝና የቫልቩ መቀመጫ ለዚህ ተስማሚ ሆኖ መለወጥ ሊያስፈልገው እንደሚችል በግርጌ ማስታወስ ይገባል። በአማርኛ እርሳስ የመጻፊያውም ስም ስለ ሆነ «እርሳስ አልባ» ከማለት ይልቅ «የእርሳስ ማዕድን የሌለው» ቢባል ለአዲስ አንባቢ ይጠራል።

ኢታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል ነው። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ነበር። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ በአሮጌ ሞተሮች ውስጥ ያሉትን አንዳንድ የጎማ ማሸጊያዎችም ያሳብጣል። ለዚህ ነው የብዙ አነስተኛ ሞተሮች መመሪያ ከ10 በመቶ በላይ የሆነውን የሚከለክለው። የእንግሊዝኛው አንድ ፊደልና ቁጥር ብቻውን ቢቀመጥ አንባቢው ምንም አይረዳም፤ «10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።

7. መደምደሚያ

የነዳጅ ስሞች ታሪክ እንደሚያሳየው ሕዝቡ ስሞቹን ከዐረብ ነጋዴ፣ ከጣሊያን መካኒክ፣ ከመብራቱና ከምድጃው ወስዶ በራሱ ሥርዐት ደልድሏቸዋል። ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባ በማደያም በጋራዥም በጓዳም ያለ ጥርጣሬ የሚለዩ ስለ ሆኑ በአዲስ የተፈጠሩ ቃላት መተካት አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ወሰናቸው በጥንቃቄ መከለሉ ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል፤

(ሀ) ተርጓሚው የነዳጁን ስም ከድምፁ አይነሣ፤ መመሪያው በየት አገር ቋንቋ እንደ ተጻፈ፣ ሞተሩም ካንዴላ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን አስቀድሞ ይመርምር።

(ለ) «ጋዝ» እና «ዘይት» በቴክኒክ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቅጽል ብቻቸውን አይቁሙ። «ነጭ ጋዝ» በመመሪያ ውስጥ በ«ላምባ» ይተካ።

(ሐ) «ቤንዚን» ለነዳጁ፣ «ቤንዞል» ለኬሚካሉ ይመደብ። የእንግሊዝኛው «ናፍታ» ደግሞ «ናፍጣ» ተብሎ ከቶ አይጻፍ፤ «ቀላል ቤንዚን» ቢባል ፍቹን ይቀርባል።

(መ) መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ የነዳጅ ስም ከሥርወ ቃሉ በተጨማሪ ፈሳሹ እንዴት እንደሚነድና በምን ሞተር ወይም ዕቃ እንደሚያገለግል ይግለጽ።

ሥርወ ቃል ቃሉ ከየት እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ ዛሬ ምን እንደሚሰይም ዋስ አይሆንም። ነፍጥና ናፍጣ ወንድማማች መሆናቸውን ማወቅ ለቃላት ተመራማሪ ደስታ ነው፤ ከማደያ ጀሪካን ይዞ ለተመለሰ ገበሬ ግን የሚጠቅመው በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ስም በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መሆኑ ነው።